ያልደረቀ ባንዲራ

መጀመሪያ ዝገቱን ይፍቃል፤ በሰፊ መፋቂያ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ክንዱ እስኪዝል ድረስ። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሸዋል። ቀጥሎ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ በጠጣ ጨርቅ ዘይቱንና ጨዉን ይጠርጋል፤ ጨው በቀረበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ወር ሳይሞላው እንደ ፀሐይ የመታው ቆዳ ይላጣል። ከዚያ ቀዩን የዝገት መከላከያ ይቀባና ይጠብቃል። መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ቀለም ቀቢ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሲደርቅ፣ ጠመኔ ያጠገበውን ክር ከጫፍ ጫፍ ይወጥርና መሀሉን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ጧ! ብረቱ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ከመስመሩ በላይ ሰማያዊ፣ ከመስመሩ በታች ነጭ። እሱም ሲደርቅ፣ እያንዳንዳቸው ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፊደላት ይከተላሉ፦ የአገሩ ስም፣ ከሥሩም «ገለልተኛ»።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ከመርከብ ጎን ተንጠልጥሎ ነው። መቀመጫው አንድ ሳንቃ ናት፤ ሳንቃዋን ሁለት ገመድ ይዟታል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያለው ሰው መርከብ ቀቢ ሳይሆን አይቀርም። የግራው ገመድ ከላይ፣ መርከቡ ወለል ላይ ካለው የብረት ጉቶ ጋር ጠብቆ ታስሯል። የቀኙም ጉቶ ላይ ተጠምጥሟል፤ ግን ጫፉን እየለቀቀና እየሳበ ሳንቃዋን የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው አማቱ ነበሩ።

በከተማው ውስጥ ሚስቱን እንደ እሱ የሚያከብር ባል አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለመርከብ የሚሆን ገመድ ሲገምዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ መዳፋቸው የጫማ ሶል ነው። የወደቡ ገመድ ያዦች የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ቦት ጫማ ፋብሪካው ሲነጉዱ፣ «ምን ችግር አለው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የሴትዮዋ አንድ ወንድ ልጅ፣ «አሮጊቷ» በምትባለው የጭነት መርከብ ላይ እሳት ቆስቋሽ ነበር። ከቆዳው የማይለቅ ጥላሸት ስላለበት ሰፈሩ ሁሉ ከሰል ይለዋል። ከሰል በዚያ ጦርነት ባለበት ባሕር ይመላለሳል፤ ከሚቆሰቁሰው እሳት ይልቅ የሚያስፈራው ባሕሩ ውስጥ የሚሄደው ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ከሰርጓጁ የሚያድነው ደግሞ በመርከቧ ጎን የተቀባው ባንዲራ ብቻ ነው።

«አንተ ባንዲራውን ደህና አድርገህ ቀባልኝ» አሉት አማቱ፣ «እኔ ገመዱን ደህና አድርጌ እይዝልሃለሁ።»

ውሉ ይኸው ነበር። የተጻፈ ነገር የለም፤ አማትና አማች መሀል ወረቀት ምን ይሠራል።

የቀለም ቀቢው ቅጽል ስም መሀል ሰፋሪ ነው። ያወጡለት የሰፈሩ ሁለት ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። ሱቆቻቸው መንገዱን ይዘው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ባለቤቶቹ ግን ሰላም አይባባሉም። ለሁለቱም ታፔላ የጻፈው እሱ ነው፤ ፊደሉ እኩል፣ ቀለሙ እኩል፣ ቁመቱ እኩል። ማንም እንዳይቀየመው ፀጉሩን በቀኙ ሱቅ ይቆረጥና፣ መንገዱን ተሻግሮ ጢሙን በግራው ሱቅ ይላጫል። ሚስቱ፣ «አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ መኪና ይገጭሃል፣ ግማሽ ጎፈሬ ሆነህ ትሞታለህ» ትለዋለች።

ጦርነቱ ከባሕር ማዶ ሲነሳ አገሩም እንደ እሱ መሀል ሰፈረ። አንደኛው ወገን በጋዜጣ ፎቶ ሁሉ ላይ ትልልቅ ጢም ያላቸው ጄኔራሎች ስለነበሩት ሰው ባለጢሞቹ አላቸው። ሌላኛው ወገን ባለቆቦቹ ተባለ። የመንግሥት አዋጅ፣ «እኛ የማንም ወገን አይደለንም፤ መርከቦቻችን ሁሉ ይህን በጎናቸው ላይ ይጻፉ» አለ። በአንድ ጊዜ የወደቡ ቀለም ቀቢ ከሹሙ በላይ ተፈላጊ ሰው ሆነ።

የወደቡ ሹም አጭር፣ ፈገግተኛ፣ ሁልጊዜ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ነበር። የመጀመሪያው ባንዲራ ባለቀ ቀን ሊያይ መጣ። ሳንቃዋ ላይ «ቀለሙ እርጥብ ነው» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ሹሙ ካርቶኑን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ አንድ ጣቱን ነጩ ላይ ተከለ።

«ጌታዬ፣ እርጥብ ነው ብዬ ጽፌያለሁ እኮ!»

«አየሁት» አለ ሹሙ ጣቱን በመሀረብ እየጠረገ። «እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

መሀል ሰፋሪ ቀለሙ ሲደርቅ የሹሙን የጣት አሻራ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ እንደገና ቀባው። እስከ ዛሬ በሠራባቸው ሃምሳ ዓመታት ካርቶኑን አንብቦ ያልነካ ሰው አላየም። ማንበብ የማይችሉት ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ሳያውቁ ነው የሚነኩት።

አገሩም እንደዚሁ መነካካት ጀመረ። መጀመሪያ ቦት ጫማ ለሁለቱም ወገን ተሸጠ፤ ጫማ ምን ኃጢአት አለበት። ከዚያ ብርድ ልብስ። ከዚያ ባለቆቦቹ የባለጢሞቹን የባሕር መንገድ ዘጉና፣ ዕቃው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄድ ጀመር። «ያው ገለልተኛ ነን» ይላል ሹሙ፣ «ሱቃችን ለሁለቱም ክፍት ነው፤ አንዱ ደንበኛ መንገድ ተዘግቶበት እንጂ እኛ መች ከለከልን?» ከብርድ ልብሱ ቀጥሎ የታሸገ ሥጋ፤ ከሥጋው ቀጥሎ ማንም ውስጡን ያልጠየቀው ረጃጅም ሣጥን። ባለቆቦቹ ኪሳቸው ሲሳሳ ደግሞ በዱቤ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይህ እንቁላል ግን ቦት ጫማ አድርጎ ነበር የሚሄደው።

ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮችም ወገን ያዙ። የግራው እንጀራው ጢም ነውና ባለጢሞቹን ደገፈ። የቀኙ ግራው የደገፈውን ሊደግፍ አይችልምና ባለቆቦቹን ደገፈ። አንድ ቀን የግራው ምላጩን መሀል ሰፋሪ ጉሮሮ ላይ አስቀምጦ ቆም አለ።

«አንተ ለመሆኑ ለማን ነህ?»

«ለምላጩ» አለ መሀል ሰፋሪ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ተሳቀ፤ ተላጨ፤ ወደ ቀኙ ተሻገረ። ነገሩ እንዲህ እየተቀለደ ሊያልፍ የሚችል ይመስል ነበር። ባለጢሞቹ መንገዳቸው ሲዘጋባቸው ሰርጓጆቻቸውን ባሕሩ ላይ ለቀቁ፤ የባለቆብ መርከብ ካዩ ያሰምጣሉ፣ ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ ካዩ ያልፋሉ። ከሰል ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። «አንዱ ሰርጓጅ ብቅ ብሎ አየን» ብሎ እራት ላይ ተረከ። «ካፒቴኑ ባንዲራህን እያየ ቆየ።  ከዚያ እጁን አወዛወዘልንና ወረደ።»

«ፊደሉን ወዶት ነው» አለች የመሀል ሰፋሪ ሚስት።

«‹ገ›ዋ ቆንጆ ናት» አለ መሀል ሰፋሪ፣ ሳይቀልድ።

 በማግሥቱ አማቱ ገመዱን ሲይዙ፣ ጉቶው ላይ አንድ ዙር ጨምረው ጠመጠሙለት።

እንግዲህ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሹሙ ፈገግ እያለ መጣ። ከኋላው ቆብ ያደረገ የውጭ ካፒቴን አለ። ሹሙ መሀል ሰፋሪን በትከሻው ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

«ያቺ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ የቆመችውን መርከብ ታያታለህ? ባንዲራ ቢጤ ቀባላት።»

«የማንን ባንዲራ?»

«የምታውቀውን ነዋ። ሌላ ባንዲራ መቀባት መች ለመድክ?»

«ጌታዬ፣ መርከቧ እኮ የነሱ ናት።»

«ወንድሜ፣ ባንዲራ ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ሸቀጥ ነው። አንድ ብቻ ነው። እኔ ምሳ ላይ ነኝ፤ አላየሁም።» ገና ረፋድ ነበር። ሹሙ ግን ስንጥሩን ነክሶ ወደ ምሳው ሄደ።

መሀል ሰፋሪ እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም። ዕድሜውን ሙሉ ሁለቱንም ብሎ አያውቅም። ቆርቆሮውን፣ ቡሩሹን፣ ክሩን ያዘና ሳንቃዋ ላይ ተቀመጠ። አማቱ ከላይ ገመዱን ይዘዋል፤ የነገራቸው የለም፤ የሥራ ቀን ነው ብለው ነው የመጡት። ፋቀ፣ አሻሸ፣ ጠረገ፣ ቀዩን ቀብቶ አደረቀ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ አልቆ ሌላ ቀን ተተካ። ክሩን ወጥሮ ጧ አደረገ። ሰማያዊው ውስጥ ቡሩሹን ነክሮ አንድ ስንዝር ያህል እንደሳበ ከላይ ድምፅ መጣ።

«አንተ!»

«አቤት እማማ!»

«ይቺ መርከብ የማን ናት?»

«የ... ደንበኛ ናት።»

«ደንበኛው ምን ዓይነት ነው? ከትናንት ጀምሮ አጠገቤ ቆሞ ይለፈልፋል፤ አንድ ቃል አልገባኝም።»

«ባለቆብ ነው እማማ።»

 ከመርከቡ ሥር ውሃው ግድግዳውን ይልሳል።

«ታዲያ የኛ ባንዲራ ባለቆብ ላይ ምን ይሠራል?»

«አንድ ብቻ ነው ብለውኝ ነው።»

«አንድ ብቻ!» አሉ አማቱ፤ ሳንቃዋም በቀኝ በኩል ክንድ ያህል ወረደች። ቆርቆሮው ተንሸራተተ፤ መሀል ሰፋሪ በጉልበቱ ያዘው።

«እማማ! ገመዱ!»

«ገመዱ ደህና ነው፤ እጄ ነው ያላበው። ስማ። ያ ሰርጓጅ ይቺን መርከብ ቢያይ ያልፋታል?»

«ባንዲራ ካለባትማ ያልፋታል።»

«ቆይተው ማታለያ መሆኑን ይነቁበታል?»

መሀል ሰፋሪ ወደ ታች አየ። ውሃው ከወትሮው የራቀ መሰለው። «መቼም አንድ ቀን ይነቁበታል።»

«ከነቁበት በኋላ፣ ልጄ ያለበት መርከብ ላይ የቀባኸው ባንዲራ ምን ይሆናል?»

ቡሩሹን አየው። ከጫፉ ሰማያዊ ጠብታ ወረደ።

«ቀለም ይሆናል» አለ።

«እንግዲያው ምረጥ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልመርጥም፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል።»

«እኔም አውቅሃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ተንጠልጥለህ ሳለህ የምጠይቅህ።» ሳንቃዋ ሌላ ክንድ ወረደች። «እምቢ በል።»

«እምቢ ብያለሁ፣ እምቢ!»

«ለኔ አይደለም፤ ለሹሙ። እዚያ ቢሮው በር ላይ ቆሟል። ጮክ በል።»

መሀል ሰፋሪ ቃሉን ለሹም ብሎት አያውቅም፤ የመጀመሪያው «እምቢ» ሲወጣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። ሁለተኛው ግን ወደቡን ሞላው። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ዞሩ። ሹሙ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። አማቱ ገመዱን ሳቡና ሳንቃዋን አስተካከሏት፤ እሱም የቀባውን የስንዝር ሰማያዊ በመፋቂያው አንሥቶ፣ በአኳራጅ ጠርጎ፣ ብረቱን እንደነበረ አድርጎ ወረደ። የተጀመረ ነገር እንዲሁ መተው አይሆንለትም።

ሹሙ አልተቆጣም። «እንግዲህ ያንተ ምርጫ ነው» ብሎ ከሌላ ሰፈር ሁለት የቤት ቀለም ቀቢዎች አስመጣ። እነሱ ዝገቱን እንኳ ሳይፍቁ ቀቡት። መርከቧ በማግሥቱ የሰው ባንዲራ ለብሳ ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሁሉም «አንድ ብቻ» እየተባለ።

አማቱ እንዳሉት ሆነ። ሰርጓጆቹ ነቁ። አንድ የእውነት መርከባችን ሰመጠች፤ ባለጢሞቹ «የውሸቱ መስሎን» አሉ። ሁለተኛዋ ስትሰምጥ ምንም አላሉም። የከሰል መርከብ አሮጊቷ ደግሞ ዕቃዋን ጭና ልትነሳ ነው።

«ከሰልን እንዲቀር ንገረው» አለች ሚስቱ። ከሰል ግን አልቀረም። «ሌላው ሁሉ ሲሄድ እኔ በምን ዓይን ልቅር?» አለ። አማቱ ልጃቸውን አልለመኑም፤ ወደ አማቻቸው ዞሩና፣ «ውላችን አልፈረሰም» አሉ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው መሀል ሰፋሪ ሥራውን የሳተው። እምነት በቀለም ብዛት የሚመጣ መሰለው። የውሸቶቹ ባንዲራዎች ስስ ናቸው፤ የኔው ወፍራም ከሆነ እውነት መሆኑ ይታወቃል አለ። በአሮጊቷ ጎን ላይ አንድ እጅ፣ ከላዩ ሌላ እጅ፣ ከላዩ ሌላ። ጎኑ አልበቃው አለና ወለሉ ላይ ወጣ፤ የጭነት ጉድጓዱን የሚከድኑትን ሰፋፊ ሳንቃዎች ባንዲራ አለበሳቸው፤ «ገለልተኛ» ብሎም ጻፈባቸው፤ ከሰማይ ቢመጡም ያዩታል። ይጠብቅ የነበረ ሰው አሁን አልጠበቀም። እንዲህ የተቀባ ቀለም ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ግን ለሳምንት ሊጥ ነው፤ ይህንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ ምሳውን ይዛ መጥታ። «ዳቦ ላይ ማርማላታ የምትቀባ ነው የምትመስለው።»

«ብዙ ይሻላል።»

አማቱ ከዳር ቆመው አዩት። «አሁን ዕውርም ያየዋል» አሉ፤ ረኩ። አሮጊቷ «ቀለሙ እርጥብ ነው» የሚለውን ካርቶን እንዳንጠለጠለች ወጣች፤ የሚያወርደው ሰው አልተገኘም።

መስመጧ የተሰማው በሬዲዮ ነው፤ ፀጉር አስተካካዮቹ ሁለቱም ሬዲዮ ነበራቸው፣ ወሬው ከግራም ከቀኝም እኩል መጣ። የሰው ስም አልተነገረም። አማቱ ገመዳቸውን ይዘው ወደቡ ጫፍ ላይ ሄደው ተቀመጡና መገመድ ጀመሩ። መሀል ሰፋሪ አጠገባቸው ተቀመጠ። የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘላቸው። «ወጥር» ሲሉት ይወጥራል፤ «ላላ» ሲሉት ያላላል። በዚያ ሳምንት የተገመደው ገመድ መርከብ አይደለም ወደቡን ያስር ነበር።

ከዚያ አንዲት የዓሣ ጀልባ መጣች። በውስጧ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሰዎች አሉ፤ ከመሀላቸው አንዱ ብድግ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ከሰል ነው። ግን ከሰል አይመስልም፤ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ሰማያዊና ነጭ ነው።

አማቱ መጀመሪያ በገመዱ ጫፍ ሁለት ጊዜ መቱት፤ ከዚያ አቀፉት፤ ከዚያ ልብሳቸው ሰማያዊ ሲሆን አይተው እንደገና መቱት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሰርጓጁ ቶርፔዶ መርከቧን ሲመታ የጭነት ጉድጓዱ መክደኛ ሳንቃዎች ተበተኑ። ከሰል አንዱን በደረቱ ተለጥፎበት አደረ፤ ቃል በቃል ተለጥፎበት። «ማዕበሉ ሊያነሳኝ ይታገላል፣ ቀለምህ አይለቀኝም!» አለው መሀል ሰፋሪን። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሰምጬ እንኳ ልብሴን አበላሸህብኝ!» ሳቁ ግን ቶሎ ተቋረጠ። አብረውት ከነበሩት እሳት ቆስቋሾች ጀልባዋ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ሸሚዙን ሹሙ ወሰደው። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ሸሚዙ በጋዜጣ ወጣ፤ ደረቱ ላይ ባንዲራው፣ ባንዲራው ላይ ወደኋላ የተገለበጡ ፊደላት። ከፎቶው በላይ በትልቁ፣ «መርከቡ ሰመጠ፤ ባንዲራው ግን ከልጃችን ደረት አልወርድ አለ!» የሚል ተጽፏል። በሳምንቱ መጨረሻ ሸሚዙ በእንጨት ላይ ተወጥሮ አደባባይ ቆመ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የግራው ፀጉር አስተካካይና የቀኙ ፀጉር አስተካካይ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው «ወደ ግንባር!» ሲሉ መሀል ሰፋሪ በዓይኑ አየ።

«ያልደረቀ ቀለም እኮ ነው!» አለ አጠገቡ ላለው ሰው። «ወፍራም አድርጌ ስለቀባሁት ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት!»

«ዝም በል አንተ፣ ከማን ወገን ነህ?»

«ከቀለም ቀቢዎች።»

የሰማው የለም። ሕዝቡ ተሰልፎ ሸሚዙን በጣቱ ጫፍ እየነካ ያልፋል። ከሥሩ ገና እርጥብ ነበር። በዚያ ምሽት በከተማው ውስጥ የጣቱ ጫፍ ሰማያዊ ያልሆነ ሰው አልነበረም፤ ሰው እያነሳ ያሳይ ነበር፣ «ነክቼዋለሁ!» እያለ። ምክር ቤቱ ለጦርነት እጁን ሲያወጣም፣ በፎቶው ላይ ከወጡት እጆች ብዙዎቹ ጫፋቸው ጠቆር ያለ ነው። ይህ ፎቶ ዛሬም የመሀል ሰፋሪ ቤት ግድግዳ ላይ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ በፎቶው ላይ ያሉትን ጣቶች ያሳያል።

ጦርነቱ በታወጀ በሁለተኛው ቀን ሁለት ትእዛዝ መጣ። አንደኛው፦ ባንዲራው ሁሉ ይጥፋ፣ መርከብ ሁሉ ግራጫ ይቀባ። ሁለተኛው፦ የሸሚዙ ጀግና በጦር መርከብ ላይ ይመደብ፣ ለሌሎቹ ወኔ ይሆናል።

አማቱ ሁለተኛውን ትእዛዝ ሲሰሙ ገመዳቸውን አነሱና ወደ አማቻቸው መጡ። አልጮኹም። ገመዱን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። «እኔ የኔን ይዤ ነበር» አሉ።

መሀል ሰፋሪ ወደ ሹሙ ቢሮ ሄደ። አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ፣ አንድ ሳንቃና አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ሳንቃዋን ወፍራም አድርጌ እቀባለሁ፤ ላዩ ቆዳ ሲያወጣ ሸሚዙን አለጥፍባትና እገነጥለዋለሁ። ሌላ ባንዲራ ይወጣል። ከፈለጉ አሥር አወጣለሁ። አደባባይ ላይ ሕዝቡ ፊት ልሠራው አስቤ ነበር።»

ሹሙ ስንጥሩን አወጣ። «እርጥብ መሆኑን መች አጣሁት? እኔ አይደለሁ እንዴ ድሮም የነካሁት?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ባለቆቦቹ ከተሸነፉ የሸጥንላቸውን ሁሉ ማን ይከፍለናል? ሸሚዙ ባይኖር ሌላ ነገር ይገኝ ነበር።» ስንጥሩን መልሶ ነከሰ። «ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ግራጫ የሚቀባ ረዳት ያስፈልገኛል። መርከቡ ብዙ ነው። የሚስቴን ወንድም።»

ሹሙ ንጹሑን ሸሚዝ አየ፣ ቆርቆሮዎቹን አየ። «ይሁንልህ» አለ።

እናም ከሰል ጦርነቱን ያሳለፈው ሳንቃዋ ላይ ከመሀል ሰፋሪ ጋር ጎን ለጎን ተንጠልጥሎ፣ ያንኑ ሰማያዊና ነጭ በግራጫ እየሸፈነ ነው። ገመዱን እናቱ ይዘዋል። «ሁለት ሆናችሁ፤ ሳቃችሁን ቀንሱ፣ ከበዳችሁ!» እያሉ ከላይ ይቆጧቸው ነበር። የግራው ፀጉር አስተካካይ ልጅ ሄዶ አልተመለሰም። የቀኙም ልጅ አልተመለሰም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ሆኑ፤ መሀል ሰፋሪም ፀጉሩንና ጢሙን በአንድ ወንበር ላይ መስተካከል ጀመረ። በዚያ ወንበር ላይ ግን ቀልዶ አያውቅም። ያችን ሳንቃ አደባባይ ይዟት ሊወጣ ይችል ነበር፤ እሱ ግን በአንድ ሰው፣ በከሰል፣ ነፍስ ለወጣት። ያ አንድ ሰው ሻይ ይዞለት ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱም ደስ አይለውም።

አሁን ሸምግሏል። መርከብ አይወጣም፤ ከሰልም ቢሆን ጉልበቱ አልቋል። ሁለቱ የመናፈሻውን አግዳሚ ወንበሮች ይቀባሉ፤ ይፍቃሉ፣ ያሻሻሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይጠብቃሉ። ካርቶኑን የሚያስሩት አማቱ ከመሞታቸው በፊት በገመዱት ገመድ ነው። ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰውን ይመለከታሉ። ሰው ይመጣል፣ ካርቶኑን ያነባል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ አንድ ጣቱን ይሰዳል። ከሰል ይስቃል። መሀል ሰፋሪ ተነስቶ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳል።

እሱም፣ ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣ ልመናዬን ንገሩልኝ ይላል፦

«እባካችሁ፣ ‹እርጥብ ነው› የሚል ካያችሁ እመኑ። ጣታችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ‹አንድ ጣት ብቻ› አትበሉ፤ ከኋላችሁ የቆመውም የሚለው ይህንኑ ነው። ካላመናችሁ መጥታችሁ እኔን ጠይቁ፤ እዚሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ኧረ አይደለም፣ አጠገቡ ነው የቆምኩት። ገና አልደረቀም።»